የሽቦው ሙሽራ

በዚያ ዘመን ንፋስ መውጫ ውስጥ መብራት የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የሐረገ ወይን ነበር። ይህን ሁለተኛውን ነገር ከእሷና ከእሱ በቀር ማንም አያውቅም ብላ ታምናለች። አገር ምድሩ ያውቅ ነበር።

ሰውየው ቢሻው ይባላል፤ ከወገዳ ወዲያ የተወለደ የስማዳ ልጅ ነው። ጢስ ዓባይ ላይ የመብራት ማመንጫው ሲሠራ ድንጋይ ሊሸከም ተቀጥሮ ሄደ። ሽቦ የሚዘረጉትን ሰዎች ሲያይ ድንጋዩን እዚያው ጥሎ ተከትሏቸው ምሰሶ ላይ ወጣ። ከምሰሶው የወረደው ከዓመታት በኋላ፣ ሙያውን በእጁ አስገብቶ ነው።

ወደ ንፋስ መውጫ ያመጡት የጨውና የአቡጀዲ ነጋዴው አቶ ዳውድ ናቸው። አዲስ የገዙት የሞተር ወፍጮ ላይ ቢሻው ዲናሞ አገናኘላቸውና፣ ሞተሩ እህል እየፈጨ ለሱቃቸው መብራት ይሰጥ ጀመር። የመጀመሪያው አምፖል የበራ ዕለት ገበያተኛው አህያውን ከነጭነቱ ረስቶ ሱቁን ከበበ። አንዲት ባልቴት ብቻ ምንም ሳይደንቃቸው እንዝርትና ጥጣቸውን አምጥተው ከአምፖሉ ሥር ቁጭ አሉና፣ «እንዲህ ያለ ብርሃን ተገኝቶ ቆሞ ማፍጠጥ ምን ይባላል?» ብለው መፍተል ጀመሩ።

ከዚያ ወዲያ የቢሻውን ነገር ተዉት። ከእስቴ ወፍጮ ያላቸው ነጋዴዎች በቅሎ ከነኮርቻዋ ይልኩለታል። አርብ ገበያ ላይ አንዲት ጠጅ ቤት ያላት ሴት ሞተር ሳይኖራት፣ ሞተር የሚገዛላትም ሳይኖር፣ አምፖሏን ገዝታ ከጣሪያዋ አንጠልጥላ ትጠብቀዋለች። የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ሬድዮ ዝም ባለ ቁጥር ሁለት ፖሊስ ይመጣና መሐል አድርጎ ይወስደዋል፤ መንገደኛው «ምን አጠፋ?» ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ እሱ ሬድዮውን አስለፍልፎ ዶሮ ወጥ በልቶ ይመለሳል። የደብሩ መሪጌታ፣ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ፣ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቶ ነበርና፣ ለአንድ ማኅሌት ቢሻው ከወፍጮው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሽቦ ቢዘረጋላቸው ድጓውን እንደ ጎረምሳ አነበቡት፤ በነጋታው «ይህ ልጅ የቤተ ክርስቲያን ነው» ብለው አወጁ። አቶ ዳውድ «ልጁስ የወፍጮዬ ነው» አሉ። በዚህ ተኳርፈው ከረሙ።

አንድ ጊዜ ቢሻው እስቴ ሄዶ ሳለ ሞተሩ ተበላሸ። «እኔም አውቅበታለሁ» ያለ አንድ መንገደኛ ነካካው፤ ዲናሞው እንደ እርጥብ እንጨት ጨሰ፤ መንገደኛው ጫማውን በእጁ ይዞ ወደ ወልድያ በኩል ጠፋ። ቢሻው ተመልሶ እስኪያበጀው ከተማው በኩራዝ ሰነበተ። የቢሻው ዋጋ በደንብ የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ሐረገ ወይን ዋጋውን ያወቀችው ግን ቀደም ብላ ነው። እህል አስፈጭታ ወፍጮው ደጅ ቆማ ሳለ ከሰማይ አንድ ፒንሳ ወረደና ዱቄቷ ውስጥ ጥልቅ አለ። ቀና ብትል ምሰሶው ላይ አንድ ሰው እንደ ጦጣ ተጣብቋል።

«እህቴ፣ ያችን አቀብዪኝ» አላት።

«ወርደህ ውሰዳት። ደግሞ ዱቄቴን ንፋልኝ።»

ወረደ። ዱቄቱን ሲነፋ ቅንድቡ ድረስ ነጭ ሆነ። እሷ ሳቀች፤ እሱ ሳቋን ሲያይ ወንፊቱን ዘቀዘቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የባላምባራስ ወልደማርያም ቤት እህል ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር፤ ልጅቱ ወፍጮ ቤት ካልሄድኩ ማለት አበዛች።

ባላምባራስ ወልደማርያም አባቷ ናቸው። ቤታቸው ከወፍጮው በላይ ከተረተሩ ላይ ነው፤ ገብሳቸው የታወቀ፣ በሬዎቻቸው የታወቁ፣ ቁጣቸውም የታወቀ። ቢሻው ከስማዳ ዘመዶቹን አስመጥቶ ሽማግሌ ቢልክ፣ ሰዎቹን ቁጭ በሉ እንኳ አላሏቸውም።

«እሳት በሽቦ የሚያስር ሰው ምን ይሉታል? ቀጥቃጭ ነው? ጠንቋይ ነው? እኔ ጭስ የሌለው እሳት አላምንም! የዚያን የሽቦ ሰውዬ ስም በዚህ ደጅ የሚያነሳ ቢኖር፣ ሽማግሌም ቢሆን በውሻ ነው የምሸኘው።»

ውሻው የእውነት ክፉ ነበር። ዘመዶቹ ስማዳ እስኪገቡ ወደ ኋላ አላዩም ይባላል።

በዚህ መሐል ከባሕር ዳር አንድ የፋብሪካ ሰው መጣ። ካሳ ይባላል፤ ባርኔጣና ክራቫት ያደረገ፣ አቧራ የጠገበ ጎልማሳ ነው። ፋብሪካው መብራት የሚያውቅ ሰው አጥቶ ማሽኖቹ ቆመዋል፤ ቢሻውን ካላመጣህ አትምጣ ተብሏል። ደመወዙ ለሰሚው ይከብዳል። ሰኞ ጠዋት በጭነት መኪና ይነሳሉ። ቢሻው እሺ አለ፤ ወሬውም ወዲያው መሪጌታና አቶ ዳውድ ጆሮ ደረሰ።

«ያላንቺ እዚህ መኖር አልቻልኩም» አላት ሐረገ ወይንን። «ምሰሶ ላይ በወጣሁ ቁጥር ቤታችሁ ነው የሚታየኝ። ሽቦ ስስብ ፒንሳዬ ከእጄ ይወድቃል። ዱቄት ያለበት ቦታ ቢወድቅ ደግሞ ደግ ነበር።»

«ያለህበት ሁሉ አገሬ ነው፤ ይዘኸኝ ጥፋ» ልትል አፏን ከፈተች፤ የእናቷ የእመቤት አስካለ ፊት ታያትና ዘጋችው። እያለቀሰች ከወፍጮ ቤቱ ወጣች። ዱቄቷን እዚያው ረስታ።

እንግዲህ የቅበላ እሁድ ሆነ፤ ጾም ሊገባ አንድ ሐሙስ የቀረው ሰሞን ነው። ሰው ሥጋ ጠግቦ፣ ጠላ ጠጥቶ፣ ቂም የሚረሳበት ጊዜ ነው። ጠዋት ቅዳሴ እንደ ወጣ ውሻው ጮኸ። ሐረገ ወይን በግድግዳው ስንጥቅ አጮልቃ ብታይ፣ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ከሁለት ቄሶች ጋር በር ላይ ቆመዋል።

«ግቡ እንጂ» አሉ ባላምባራስ።

«መቀመጡ ይደርሳል። ቆመን የምንለው አለን» አሉ መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው። «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

«ልጃችሁ ማን ነው?»

መሪጌታ ውሻውን በጎን አዩት። «ስሙ ይቆየን። አንቱ አስቀድመው ጠባዩን ይስሙ። ቤተ ክርስቲያንን ያገለገለ፣ ከፍ ካለ ቦታ የማይፈራ፣ እጁ የተባረከ ልጅ ነው። እኔ ራሴ በእሱ ነው የማነበው።»

«ዲያቆን መሆን አለበት» ብለው ባላምባራስ አገጫቸውን አሹ። ሐረገ ወይን ከግድግዳው ኋላ ልቧ ዘለለ። ከፍ ካለ ቦታ የማይፈራ! መሪጌታን ድጓ ያስነበበ! እንዲህ ያለ ዲያቆን አንድ ነው ያላት።

መሪጌታ ከግቢው ጥድ ሥር አረፍ ብለው ጠላው ሳይቀዳ ውሻው እንደገና ጮኸ። አሁን አቶ ዳውድ ናቸው፤ ነጭ ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ ሦስት ሽማግሌ አስከትለው።

«ባላምባራስ፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው።»

ባላምባራስ ደነገጡ። «አቶ ዳውድ፣ መከባበራችን እንዳለ ነው፤ ግን ልጅዎ…»

«በማርያም ደጅ የተጠመቀ ክርስቲያን ነው፤ ከፈለጉ እኔ እምላለሁ!» አሉ አቶ ዳውድ። «ስሙን ኋላ። ንግዴ የቆመው በእሱ ነው። እሱ አንድ ቀን ቢታመም አገሩ ዱቄት አያገኝም።»

«ትልቅ ነጋዴ ነው» አሉ ባላምባራስ ለራሳቸው፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። መሪጌታና አቶ ዳውድ ጥዱ ሥር ፊት ለፊት ተቀመጡ። አንዱ ሌላውን አየ። ሁለቱም ገባቸው። ሁለቱም ስሙን መጥራት አይችሉም። ልጅቱን የተቀበለ ሽማግሌ ሙሽራውን እንደ አባት ያዛልና፣ ሁለቱም ደግሞ ለሌላው መልቀቅ አልፈለጉም።

እመቤት አስካለ ለመሪጌታ ጠላ፣ ለአቶ ዳውድ ቆሎና ብርዝ ይዘው ሲወጡ ሲገቡ፣ ሐረገ ወይንን ጓዳ ውስጥ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አገኟት።

«ምነው ልጄ? ታመምሽ?»

«እማየ፣ ሁለቱም እኮ እሱ ነው!»

«ማ?»

«ቢሻው ነዋ!»

እመቤት አስካለ የያዙትን ቆሎ ግማሹን አፈሰሱት። ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ሳቅ ቀደማቸው። እናትና ልጅ ተቃቅፈው ድምፅ እንዳይወጣቸው ሲንቀጠቀጡ ውሻው ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ።

ካሳ ነው። ቢሻው እሄዳለሁ ቢለውም ልቡ አላመነውም፤ መንገድ ላይ ከመኪና ዘሎ እንዳይመለስ ልጅቱን አብሮ መውሰድ ይሻላል ብሎ፣ ከገበያው ሁለት የማያውቃቸው ሽማግሌዎች ጠላ ጋብዞ አምጥቷል። የአገሩን ወግ ያጠናው መንገድ ላይ ነው። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ልጅዎን ለልጃችን!» ሲል እንደ ወታደር ጮኸ። «ስሙን እንዳልናገር ተመክሬአለሁ። ግን ቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት ተሰጥቶታል! በየወሩ ደመወዝ አለው! ትልልቅ ሰዎች ቆመው ነው የሚጠብቁት!»

ባላምባራስ ጋቢያቸውን እንደገና አስተካከሉ። ዲያቆን፣ ነጋዴ፣ ሹም! በአንድ ጠዋት፣ ለአንዲት ልጅ! ወደ ቤት ብቅ ብለው፣ «አስካለ፣ አየሽ? ያንን የሽቦ ሰውዬ መመለሴ ጠቀመን እንጂ!» ሲሉ ፊታቸው በራ። ሐረገ ወይን ነጠላዋን ይበልጥ ጎሰጎሰች።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣላትና ለእናቷ ሹክ አለቻቸው። እመቤት አስካለ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ወደ ባላቸው ተጠጉ።

«አንዱን ሲመርጡ ሁለቱ ይቀየማሉ። አስቀድመው ይማሉላቸው። ከእነዚህ ለአንዱ ነው የምሰጥ፣ ከሰጠሁ ወዲያ ነገር የለም ብለው ይማሉ።»

ባላምባራስ በሚስታቸው ብልህነት ረኩ። ከጥዱ ሥር ቆመው እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ።

«ንጉሥ ይሙት! እናንተ ካመጣችኋቸው ልጆች ለአንዱ ሰጥቻለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም። ያልተመረጠ አይቀየመኝ!»

«አንቀየምም!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ። መሪጌታ ሳል ያዛቸው። አቶ ዳውድ ቆሎው ውስጥ ድንጋይ እንደሚፈልግ ሰው አቀረቀሩ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ» አሉ ባላምባራስ፤ ድምፃቸው ዝግ አለ። «ልጄ የት ነው የምትኖር?»

«ባሕር ዳር ነዋ!» አለ ካሳ። «ሐይቁ ዳር። ውኃ በቧንቧ ከደጃፏ።»

«በመኪና መቼ ይደረሳል?»

«መኪናው ካልተበላሸ ቶሎ ነው።»

«ከተበላሸስ?»

ካሳ ባርኔጣውን አየ። «እሱስ ይበላሻል» አለ።

የሐረገ ወይን ሳቅ ቆመ። አባቷ ባሕር ዳርን ቢመርጡስ? ቢሻውን ታገኛለች፤ ሌላ ምን ትፈልጋለች? ብላ ራሷን ጠየቀች። ግን ከዚህ ተረተር ላይ ሆና የምታየው ነገር ሁሉ፣ እናቷም፣ ገብሱም፣ ያ ክፉ ውሻም ሳይቀር፣ አንድ ላይ ናፈቃት፤ ገና ሳትሄድ።

«የእኛ ልጅ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ነው የሚኖር» አሉ መሪጌታ። «ደወሉ እዚህ ድረስ ይሰማል።»

«ደወልስ ይሰማል፤ ሰው ይሰማል ወይ?» አሉ አቶ ዳውድ። «የእኔ ቤት ከወፍጮው አጠገብ ነች፤ እቺው ከእግራችን ሥር። ልጅዎን ከደጅዎ ቆመው ቢጠሯት ትሰማለች።»

«ውሸት ነው! አይሰማም!» አሉ መሪጌታ።

«ይሰማል!»

ባላምባራስ ሁለቱንም ትተው ወደ ግቢው ጫፍ ሄዱ። እሁድ ነውና ሞተሩ ዝም ብሏል። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ታች ጮኹ።

«ኧረ በወፍጮው በኩል!»

ትንሽ ቆየ። ከዚያ ከታች፣ ጥርት ያለ የወንድ ድምፅ መጣ።

«አቤት!»

ድምፁ የቢሻው ነበር። ዕቃውን ሸክፎ ምሰሶው ሥር ተቀምጦ፣ የቤታቸውን አቅጣጫ እያየ ሰዓቱን ሲቆጥር ያረፈደው ቢሻው።

«ይሰማል» አሉ ባላምባራስ። ሲዞሩ ዓይናቸው ቀልቷል። «ለአቶ ዳውድ ልጅ ሰጥቻለሁ። መሪጌታ ይቅር ይበሉኝ። አሁን ስሙን ንገሩኝ፤ ዘመዴ ነው።»

አቶ ዳውድ ተነሱ። ጥምጣማቸውን አጠበቁ። ውሻው ታስሮ መሆኑን አረጋገጡ።

«ቢሻው» አሉ።

አንድ ወፍ ከጥዱ ላይ ተነሳ። የባላምባራስ ጢም ቆመ።

«የሽቦው?»

«የሽቦው።»

«አይሆንም! ለመሪጌታ መለስኩት! የእርስዎ ዲያቆን ስሙ ማን ነው?»

መሪጌታ ወደ ሰማይ አዩ። «ቢሻው።»

ባላምባራስ ወደ ካሳ ዞሩ፤ መስጠም የጀመረ ሰው ወደ ዳር እንደሚያይ።

«አንተስ? የባሕር ዳሩ ሹም?»

«እኔማ… ቢሻው ነው ጌታዬ» አለ ካሳ። «ሌላም አለ እንዴ?»

ባላምባራስ አንድ ድንጋይ ላይ ዝርፍጥ አሉ። ጋቢያቸውን በፊታቸው ላይ ጣሉት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አስለቀስኳቸው ብላ ሐረገ ወይን የአባቷን ወግ፣ የሽማግሌውን ወግ፣ ሁሉንም ረስታ ከጓዳ ሮጣ ወጣችና ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። ጋቢውን ገልጣ ብታይ እየሳቁ ነበር። እየሳቁም እያለቀሱም ነበር።

«ሦስት ባል መጣላት ብዬ ስኮራ!» አሉ። «ሦስት!»

ያን ጊዜ ግቢው ፈነዳ። ቄሶቹ ሳቁ፤ ካሳ ያመጣቸው ሽማግሌዎች ምን እንደ ሆነ ሳይገባቸው ሳቁ፤ እመቤት አስካለ እልልታቸውን ለቀቁት። መሪጌታና አቶ ዳውድ ኩርፊያቸውን ረስተው ተደጋግፈው ቆሙ።

በጫጫታው መሐል ባላምባራስ ወደ ልጃቸው ጆሮ ጎንበስ አሉ።

«ሽቦውን ጠልቼው አይምሰልሽ። ሽቦ ምን አደረገኝ? እንዲያ ያለ ሙያ በእጁ ያለ ሰው አገር ሁሉ ይፈልገዋል። አገር ሁሉ የሚፈልገው ሰው ደግሞ አንድ ቀን ተነስቶ ይሄዳል፤ አንቺንም ይዞ ይሄዳል። እሱን ነው የፈራሁት።»

ሐረገ ወይን ያን ሁሉ ጊዜ በአባቷ መናደዷ ውስጧን አቃጠላት። እጃቸውን ይዛ ሳመች።

ካሳ ብቻ አዝኖ ቆመ። «እኔስ አሁን ማንን ይዤ ልሂድ?»

«ወደ ወልድያ በኩል አንድ አዋቂ ጠፍቷል» አሉት አቶ ዳውድ። «ስትደርስበት ጫማውን እንዲያጠልቅ ንገረው።»

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ሙሽሮቹ በአቶ ዳውድ ቃል መሠረት ከወፍጮው አጠገብ ካለችው ቤት ገቡ። በማግስቱ ጠዋት ባላምባራስ ከግቢያቸው ጫፍ ቆመው፣ «ሐረጌ!» ብለው ተጣሩ።

መልስ የለም። ደግመው ተጣሩ። እህል የሚፈጭበት ቀን ነውና ሞተሩ ተራራውን ያናውጠዋል። ባላምባራስ እስኪያልባቸው ጮኹ፤ ድምፃቸው ከጥዱ አላለፈም። እሁድ እሁድ ብቻ የምትሰማ ልጅ! ምሳቸውን ሳይበሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ።

ነገሩን እመቤት አስካለ ለልጃቸው ነገሯት፤ ሐረገ ወይን ለባሏ ነገረች። ቢሻው ሽቦ ተሸክሞ ወጣ። ከወፍጮው እስከ ተረተሩ ምሰሶ ተከለ፤ መሰላሉን አቆመና ዘወር ሲል፣ ባላምባራስ መጥተው መሰላሉን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ውጣ እንጂ! ምን ታየኛለህ?» አሉት።

ከባላምባራስ መደብ ራስጌ ላይ አንዲት የመብራት ቁልፍ አበጀ። ሲጫኗት ታች ሐረገ ወይን ቤት ውስጥ ቀይ አምፖል ይበራል። ሞተሩ ዝም ሲል ድምፃቸው ይደርሳል፤ ሞተሩ ሲጮህ ደግሞ ሽቦው ይደርሳል።

ባላምባራስ አንዴ ተጫኑ። ጢስ ካለ ብለው አየሩን አሸተቱ። እንደገና ተጫኑ። ሐረገ ወይን እጇ ሊጥ እንደ ሆነ፣ ነጠላዋ እየተንጠለጠለ፣ ዳገቱን ሮጣ እያለከለከች ደረሰች።

«ምን ሆኑ አባባ?»

ባላምባራስ እጃቸው ቁልፏ ላይ እንዳለ ነው።

«ምንም አልሆንኩ» አሉ። «እዚያው መሆንሽን ልወቅ ብዬ ነው።»